የቀረችው ቃል

ጉሟን እንደ እርጥብ ነጠላ በየጣራው ላይ አስጥታ
በምትውል የወደብ ከተማ፣ ዊትቢ በምትባል ቦታ፣
ኢኖክ ታክሬይ ነበረ፣ በብር ላይ ዕንቁ የሚሰካ፣
አርባ ዓመት በወረንጦ ጥቁርን ከነጭ ሲያነካካ።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ የጫማውን ክር ሲያስር፣
ግማሽ ፊቱ ተንዶ ግማሹ እንዳለ ሲቀር፣
ሌባ ነው የገባው አሉ፣ በደም ሥሩ መስኮት ዘልቆ፤
የልጁን ስም፣ የወራቱን ስም፣ ጸሎቱን ከነስድቡ
ጠቅልሎ ወጣ ሰርቆ፤
አንዲት ሳንቲም ብቻ፣ ከደፉ ሥር ተንከባላ
ቀረችለት፤ «ሴት» የምትል፤ ከዚያ ወዲያ የለም ሌላ።

በኛ ፊደል ስጽፋት፣ ይኸው፣ ሔዋንን መሰለች፤
በነሱ አፍ ግን እናትም፣ ሚስትም፣ እኅትም አይደለች፤
ዕንቁ በቀለበት ዓይን ማኖር ነው፣ ለሱ ትርጉሟ፤
የእጁ ሙያ ነበር ስሟ።

ልጁ ቲርዛ መጣች፣ ከፖስታ ቤት ፈቃድ ወጥታ፤
ሳምንቱን ሦስት ዓመት አደረገችው፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ።
«ሴት» አላት በመጀመሪያው ጠዋት። ቀለበቱን አመጣች።
ራሱን ነቀነቀ። «ሴት!» ወረንጦውን አመጣች።
«ሴት!» ጠረጴዛውን በደህና እጁ ደብድቦ፤
ያኔ ገባት፦ ማዕድ ይቅረብ ነው የሚለው፣ ተርቦ።

ከጎረቤት መዝገበ ቃላት ተዋሰች፣ ትንባሆ የሚሸት፣
ቃሊቱን ብትፈልግ ገጽ አልበቃት፤
ብትገልጥ፣ ብትገልጥ፣ ያቺው ናት።
መረቅ በብርድ ሲረጋ፣ ሲሚንቶ አድሮ ሲጠና፣
ስብራት በወጌሻ እጅ ሲመለስ ወደ ቀና፣
ወጥመድ ሲጠመድ፣ ሰዓት ሲሞላ፣ ጭድ በእሳት ሲለኮስ፣
ጸጉር በጥቅል ሲደርቅ፣ መርከብ መንገድ ስትጀምር በነፋስ፣
ስድስት ስኒ ከነማስቀመጫው፣ ያንድ ሸክላ ዘር፣
በቲያትር መድረክ የቆመ የውሸት ግድግዳና የውሸት በር፤
ቀን ሲቆረጥ፣ ዋጋ ሲቆረጥ፣ ሰውም «በቃ» ብሎ ሲቆርጥ
(እዚህ ጋ የኛዋ «ቆረጠ» ደረሰችልኝ፤ እሷም ልጅ አይጠፋትም ብትገለጥ)።
ቲርዛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ በአንዳንዱ ይስቃል፤
«የኔ ነው» እንደሚል ሰው፣ ግማሽ አፉ ይፈነድቃል።

ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ባለሙያ፣ ሚስ ኦልድሮይድ፣ ትመጣለች፣
በካርቶን የተሳለ ስኒ ከቦርሳዋ ታወጣለች።
«ሴት» ይላል። «ስህተት» ብላ ትጽፋለች።
ቲርዛ ትነሣና ስድስቱን ስኒ ፊቷ ትደረድራለች።
«እስቲ ‹አኑር› በል፤ ‹አጽና› በል፤ ‹ዘርጋ›፤ ‹ትከል›፤ ‹አስቀምጥ›...»
የቃሏ እኅቶች በሙሉ በየተራ ተጠሩ፤
አንዷም አቤት ሳትል ቀሩ።

ሰውየው ግን አልደኸየም። በአፍንጫው ጎትቶ ሲላት
ራዲዮው ይከፈት ናት፤
ቁርጥ አድርጎ ሲላት፣ ገንፎው ገና አልረጋም ነው፤
በሹክሹክታ፣ ሌሊት፣ ሲላት
ቲርዛ ፈልጋ አላገኘችም፤ መዝገቡም አላወቃት።

ሰኔ ላይ ነው። በዚያ አገር በሰኔ
ፀሐይ ባሕር ላይ ናት የምትወርደው።
ወንበሩን ወደ መስኮት ገፋችለት። ታች አሸዋው ላይ
ልጆች ሩጫ ይለማመዳሉ፣ መምህራቸው ፊሽካ አንግቶ።
ኢኖክ ደህናውን እጁን አንሥቶ፦
«ሴት።»
«አዎን አባዬ፣ ጠለቀች» አለችው፣ ብርሃኑን አይታ።
ራሱን ነቀነቀ። በጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ልጆቹ፤
ጎንበስ ብለው፣ ጣታቸውን አሸዋ ውስጥ ተክለው፣
ወገባቸው ተነሥቶ፣ ትንፋሻቸው ተይዞ።
«ተዘጋጅ» ማለት ናት፣ ለካ፣ ቃሊቱ በሩጫ ቤት።
ይህችን ትርጉም ቲርዛ ዘልላት ነበር፣ ስታነብለት።

በዚያ ጨዋታ ከዚህ ቃል ቀጥሎ ሌላ ቃል አለ፤
አንድ ፊደል ተኩል የማይሞላ።
እሱ አልነበረውም።
እሷ ነበራት፣
አላወጣችውም፤
መስኮቱን ብቻ ከፈተች።